ስትራቶስፌርን ከመስኮት ደፍ ላይ፦ የባሮሜትር ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ዕቃ ማሰባሰብ

የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በደረጃው ግድግዳ ላይ የከባቢ አየር ንብርብሮችን ሊስል ነው። ከሥዕሉ አጠገብ እኛው ራሳችን የለካነው ቁጥር እንዲኖር ስለፈለግሁ የአየር ግፊትና የሙቀት መጠን የሚመዘግብ መሣሪያ እሠራለሁ። የክበቡ በጀት ለቀለም እንኳ አይበቃም፤ የመሣሪያው ወጪ ከኪሴ ነው።

እስካሁን የተገዛው፦ አርዱይኖ ኡኖ (ሴንሰሮችን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ ኦሪጅናሉ ሳይሆን ቅጂው፣ 1800 ብር። የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ 350። ሰዓት ቆጣሪ ሞጁል 500። የግፊት ሴንሰር 950፤ ሻጩ ቢኤምኢ 280 ነው፣ እርጥበትም ይለካል ብሎ ነው ይህን ያህል ያስከፈለኝ። ሽቦና መሰኪያ ሰሌዳ ከድሮ ሥራ የተረፈ አለኝ። የሴንሰሩ እግሮች ያልተበየዱ ስለነበሩ ሰፈር ውስጥ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ በ50 ብር በየደልኝ። እኔ ብበይደው ጎረቤት እግሮችን አንድ ላይ አጣብቃቸው ነበር።

ጥቅምት፣ ገመድ ማገናኘት

ቺፑ ሲጠየቅ የሚመልሰው መለያ ቁጥር አለው። በአሥራ ስድስት አኃዝ አቆጣጠር ቢኤምኢ 280 ከሆነ 60፣ ቢኤምፒ 280 ከሆነ 58 ይላል። የእኔው 58 አለ። ስለዚህ እርጥበት አይለካም፣ ግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ነው። ስመልሰው ሻጩ «ሁለቱም አንድ ናቸው» ብሎ ተከራከረኝና ባዶ እጄን ተመለስሁ። ለሚገዛ ሰው አንድ ምልክት ልናገር፦ የብረት ክዳኑ አራቱም ጎን እኩል ከሆነ ቢኤምኢ ነው፤ አንዱ ጎን ረዘም ካለ ቢኤምፒ ነው። ቺፑ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማየት ይሻላል።

ለግፊት ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። በአምራቹ መግለጫ መሠረት በጣም ትንሽ የግፊት ለውጥ፣ እስከ 0.12 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ድረስ፣ ይለያሉ። ይህ የአንድ ሜትር ከፍታ ያህል ነው። የሥራ ክልላቸው ከ300 እስከ 1100 ሄክቶፓስካል ነው። 300 ማለት ከባሕር ጠለል በላይ 9 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በእኛ አካባቢ ትሮፖስፌር እስከ 16 እና 17 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ሴንሰሩን በፊኛ ብንልከው እንኳ ከመጀመሪያው ንብርብር ሳይወጣ አገልግሎቱ ያበቃል። ፊኛ የመላክ ሐሳብ ስላልነበረኝ ብዙም አልከፋኝም።

ሴንሰሩ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ሽቦውን ሁለት ጊዜ በቴስተር ፈትሾ ማብራት ይገባል።

መዝገቡ በየጥቂት ደቂቃው እየተቋረጠ እንደገና ይጀምር ነበር። ካርዱ ሲጻፍበት ድንገት ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርድና አርዱይኖው ራሱን ያጠፋል። በካርድ ማንበቢያው መግቢያ ላይ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሲፈለግ የሚለቅ ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፤ መቋረጡ ቆመ።

የሰዓት ሞጁሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የገባለትን ባትሪ የሚሞላ እንደሆነ አድርጎ ኤሌክትሪክ ይልክበታል፤ ሱቅ ያለው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ግን የማይሞላ ነው፣ ያብጣል። ጠጋኙ የመሙያውን ሬዚስተር ነቅሎ ጣለልኝ።

ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ሞላሁት። የቀኑ ፋይል የሚጀምረው ጧት 12 ሰዓት ላይ ነው። ለምን እንደሠራሁት ምክንያት የለኝም፤ ልማድ ነው። ኋላ ላይ ግን ጠቀመኝ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ መብራትና ፓወር ባንክ

መብራት ሲጠፋ መዝገቡ ይበጠሳል። ፓወር ባንክ ሰካሁበት፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱን አጠፋ። የሚሳበው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ሲሆን ፓወር ባንኩ ስልኩ ሞልቷል ብሎ ይዘጋል። ባለ 47 ኦም ሬዚስተር በትይዩ አስገብቼ ተጨማሪ 100 ሚሊአምፔር ገደማ እንዲባክን አደረግሁ፤ አልጠፋም፣ ግን ባትሪውን በአንድ ሌሊት ጨረሰው፣ ሬዚስተሩም ሞቆ አጠገቡ ያለውን የሙቀት ንባብ አበላሸ። ይህ መንገድ ተትቷል። ከተጣለ ላፕቶፕ የወጡ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች፣ 200 ብር የሚያወጣ መሙያ ሰሌዳ፣ ከዚያም ቮልቴጁን ወደ 5 የሚያሳድግ ትንሽ ሰሌዳ። አሁን መብራት ቢጠፋም ቢመጣም ፋይሉ አይበጠስም።

ጥቅምት መጨረሻ፣ የ100 ሜትር ጉድለት

ሴንሰሩ ግፊቱን ወደ ከፍታ ይለውጣል። ቁጥሩን የማምንበት ቦታ ያስፈልገኝ ስለነበር ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለ ካፌ ተቀምጬ ለካሁ። ማረፊያው በይፋ የተመዘገበ ከፍታው 2334 ሜትር ነው። ሴንሰሩ 772 ሄክቶፓስካል አነበበና 2235 ሜትር አለ። መቶ ሜትር ያህል የት ገባ?

ሴንሰሩ ደህና ነው። ቀመሩ ነው ለእኛ ያልተሰፋው። ከፍታውን የሚያሰላው በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 1013.25፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ነው፣ በየኪሎ ሜትሩም 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ከሚል መደበኛ ሠንጠረዥ ነው። የምድር ወገብ አካባቢ አየር ከዚህ ይሞቃል። የሞቀ አየር ተነፍቶ ወደ ላይ ስለሚዘረጋ ግፊቱ ከፍታ ሲጨምር ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያለው ግፊት ሠንጠረዡ ከሚጠብቀው ይበልጣል፤ ቀመሩም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለን ይመስለዋል። አብራሪዎች ለዚህ ሲሉ ነው ከማረፋቸው በፊት የቀኑን ማስተካከያ ቁጥር ከማማው የሚጠይቁት፤ የቦሌው ብዙ ጊዜ ከ1020 በላይ ነው። 1013.25ን በ1025 ስተካ ጉድለቱ ወደ ጥቂት ሜትር ወረደ።

ይህን ለክበቡ ልጆች ስነግራቸው ያስደነቃቸው ሌላ ነገር ነው። 772ን ለ1013 አካፍሉ ብያቸው 76 በመቶ አገኙ። ከጠቅላላው አየር ሩብ የሚጠጋው ቀድሞውኑ ከእግራችን በታች ነው ማለት ነው። ሻይ እዚህ 92 ዲግሪ ላይ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለማረጋገጫ አዳማ ደርሼ ተመለስሁ። 833 ግድም አነበበ፤ በተስተካከለው ቀመር ከከተማዋ ከፍታ ጋር ተቀራረበ። አዲስ አበባ ላይ በደንብ የከደንኩት ባዶ የውሃ ጠርሙስ መንገድ ላይ ተጨማድዶ ነበር፤ ልጆቹ ከግራፉ ይልቅ እርሱን ወደዱት።

ኅዳር፣ ለሙቀት መለኪያው ጥላ

ግፊቱ ተስተካክሏል፤ ሙቀቱ ግን አይታመንም። ጣሪያ ላይ ሳስቀምጠው እኩለ ቀን ላይ 41 ዲግሪ አለኝ። የለካው አየሩን ሳይሆን ቆርቆሮውን ነው። ስምንት ነጭ የፕላስቲክ ሰሃኖች ገዛሁ፣ አንዱ 35 ብር። ከላይ ያለው ሳይነካ የቀሩትን መሐላቸውን ቆርጬ በረጅም ብሎን ላይ አንዱን ከአንዱ በጣት ስፋት አራርቄ ደረደርኳቸው። ሴንሰሩ መካከል ላይ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ በጎን ይገባል፣ ፀሐይ አይገባም። ከጣሪያው አውርጄ ከሣር በላይ በሰው ቁመት ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። እኩለ ቀን 23 ዲግሪ። ይህ ልክ ነው።

ይህ ችግር የድሮ ነው፤ ከትሮፖስፌር በላይ ያለው ሁለተኛው ንብርብር፣ ስትራቶስፌር፣ የተገኘውም ከዚሁ ችግር ጋር በተደረገ ትግል ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ቴሴራን ደ ቦር ከፓሪስ አጠገብ ትራፕ ከተባለ ቦታ መለኪያ የተሸከሙ ፊኛዎችን ይልክ ነበር። ከ11 ኪሎ ሜትር ግድም በላይ ቴርሞሜትሩ መውረዱን ያቆማል። አየር ወደ ላይ እስከ መጨረሻው እየቀዘቀዘ ይሄዳል የሚባልበት ዘመን ስለነበር እርሱም መጀመሪያ የጠረጠረው ፀሐይ መሣሪያውን እንዳሞቀችው ነው። ፊኛዎቹን ሌሊት መላክ ጀመረ። ያው ሆነ። ከ200 በላይ ፊኛ ከላከ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1902 ግኝቱን ያሳወቀው፤ በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሪሃርድ አስማንም ተመሳሳይ ውጤት አወጣ። እኔ በሰሃን ደርድሬ የፈታሁትን እርሱ በሌሊት በረራ ነው የፈታው።

ኅዳር 12፣ ጢሱ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ከተማዋ ትታጠናለች። ለሳንባ መጥፎ ቀን ነው፤ ለእኔ ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ ቀን በዓመት አይገኝም። አየሩ በምን ያህል ከፍታ እንደተከደነ በዓይን ያሳያል።

ጎሕ ሳይቀድ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ። 8.1 ዲግሪ። መሣሪያውን ከነሰሃኖቹ በዱላ ላይ አስሬ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። እየወጣሁ ስሄድ ሙቀቱ መውረድ ነበረበት፤ ጨመረ። 9፣ ከዚያ 10፣ ጋራው ጫፍ ላይ 11.3። ግፊቱ በዚያው ልክ ከ750 ግድም ወደ 705 ግድም ወርዷል፣ ስለዚህ መሣሪያው አልተሳሳተም። ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ዱላዬን አይተው ቆሙ። የምለካው ብርድ እንደሆነ ስነግራቸው «ብርዱማ ታች ነው ያለው፣ ልጄ፤ ስንወርድ ነው የሚጠብቀን» አሉኝ። በየቀኑ የሚወጡና የሚወርዱ ሰው ናቸው፤ ሴንሰር አላስፈለጋቸውም።

ፀሐይ ስትወጣ ከተማዋ ታየች። ከየሰፈሩ የሚነሣው ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በላይ አንድም ጢስ አያልፍም፤ ወደ ጎን ይተኛል። የሁሉም ሰፈር ጢስ የተኛው በአንድ መስመር ላይ ነበር፣ ጠርዙ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስል። የረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ጫፍ ከላዩ ብቅ ብሏል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ እየለቀቀች ትቀዘቅዛለች፣ የነካት አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ተንሸራቶ ይከማቻል። ከላዩ ሞቃት አየር ተቀምጧል። ጢሱ ከሥር ሲወጣ ከአካባቢው ስለሚሞቅ ይነሣል፤ ወደ ሞቃቱ አየር ሲደርስ ግን ልዩነት ስለማይኖር የሚያነሣው ኃይል ያልቃል። ታችኛው ቀዝቃዛ፣ ላይኛው ሞቃት ሲሆን አየር አይገላበጥም። ስትራቶስፌርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው ጢስ እስከ ረፋድ ሲቆይ የስትራቶስፌሩ ክዳን ቀን ከሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ መኖሩ ነው። የክረምት ነጎድጓድ ደመና ወደ 16 ኪሎ ሜትር ሲደርስ አናቱ ወደ ጎን የሚተኛው ይህንኑ ክዳን ሲነካ ነው። በ1983 ዓ.ም. የፈነዳው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ጋዝ ክዳኑን አልፎ ስለገባ ዓለምን ለሁለት ዓመት ገደማ አቀዘቀዘ፤ እዚያ ዝናብ የለም፣ የሚያጥበውም የለም።

ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የጢሱ ጠርዝ መፍረስ ጀመረ። መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ከሥር ተገላበጠ። ስወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፣ መጽሐፍ እንደሚለው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ሁለት ጉብታ

ፋይሎቹን በኤክሴል ሳወጣ የፈለግሁት መዝገቡ የተቋረጠበት ቦታ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነበር። የግፊቱ መስመር ግን ማዕበል ሆኖ ጠበቀኝ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከፍተኛው፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ዝቅተኛው፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደገና ከፍ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንደገና ዝቅ። የሌሊቱ አነስ ይላል። በረፋዱና በከሰዓቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል ነው። በእኛ ከፍታ አንድ ሄክቶፓስካል 11 ሜትር ስለሆነ ቤቴ በየቀኑ ከ20 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። የእንጦጦንም ንባብ በዚህ ልክ ማረም ነበረብኝ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ባትሪው ነው። ቮልቴጁን ጎን ለጎን መዘገብኩ፤ አይመሳሰሉም። ቀጥሎ ሙቀት። ሴንሰሩ ሲሞቅ ግፊቱን የሚያዛባ ከሆነ ጉብታው አንድ መሆን ነበረበት፣ ምክንያቱም ቀኑ የሚሞቀው አንድ ጊዜ ነው። ለማንኛውም ሙቀቱ ብዙም የማይለዋወጥበት የፎም ሳጥን ውስጥ ከትቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ማዕበሉ አልጠፋም። ሁለተኛ ሴንሰር፣ ከሌላ ሱቅ፣ በ480 ብር ገዛሁ፤ ከሳጥኑ ጋር አንድም ግንኙነት ሳይኖረው የስልክ ባትሪ መሙያ ላይ ሰክቼ ሳሎን መስኮት ደፍ ላይ አኖርኩት። ሁለቱ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ወጡ።

እንግዲህ አየሩ ራሱ ነው። በኋላ ሳነብ እንዳየሁት ሐሩር አካባቢ ባሮሜትር የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በደቡብ አሜሪካ ሲዞር፣ በዚያ አገር በባሮሜትር ብቻ ሰዓቱን መናገር ይቻላል ብሎ ጽፏል። አውሮፓ ውስጥ ማዕበሉ ደካማ ነው፣ በየቀኑ የሚለዋወጠው የአየር ጠባይም ይሸፍነዋል። እዚህ ግን በባዶ ዓይን ይታያል። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፍታውም 4 እና 4፣ ዝቅታውም 10 እና 10 ሆኖ ስለሚመጣ ልጆቹ አንዴ ሰምተው አልረሱትም።

ታኅሣሥ፣ ምክንያቱ

ፀሐይ በቀን አንድ ጊዜ ታሞቃለች፤ ታዲያ ማዕበሉ ለምን ሁለት ጊዜ? ጨረቃ እንዳትባል፣ የጨረቃ ማዕበል በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ መሄድ ነበረበት፤ ይህ ግን ከሰዓቱ ዝንፍ አይልም። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1882 ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ከባቢ አየሩ በተፈጥሮው በየ12 ሰዓቱ የመወዛወዝ ዝንባሌ ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሮኬቶች የላይኛውን አየር ሙቀት ሲለኩ ያ ሐሳብ ውድቅ ሆነ። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ ትልቁ ድርሻ የኦዞን ነው፣ የቀረው ደግሞ በትሮፖስፌር ያለው የውሃ ተን።

ኦዞን ከስትራቶስፌር መካከል እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ይጠጣና ይሞቃል። ቀን ይበራል፣ ሌሊት ይጠፋል። ይህ ማብራትና ማጥፋት ሁለት ዓይነት ሞገድ ይቀሰቅሳል፤ ባለ 24 ሰዓትና ባለ 12 ሰዓት። ባለ 24 ሰዓቱ ከላይ እስከ ታች ሲለካ አጭር ስለሆነ ከወፍራሙ የኦዞን ንብርብር ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚነሣው እርስ በርሱ ይጣፋል። ባለ 12 ሰዓቱ በጣም ረጅም ስለሆነ ከሁሉም ክፍል የሚነሣው ይደማመራል፣ እስከ መሬትም ይወርዳል።

ይኸው ነው የምፈልገው። ፊኛ ሳልልክ፣ ሮኬት ሳይኖረኝ፣ 480 ብር የወጣበት ሴንሰር ስትራቶስፌር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚያመጣውን ግፊት ሳሎን ውስጥ ይመዘግባል። ሁሉም የኦዞን ሥራ እንዳልሆነ ግን ለልጆቹ ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ መሬት ላይ ያለው የዕለት ሙቀት የረፋዱንና የከሰዓቱን ልዩነት ያጎላዋል።

ታኅሣሥ፣ ግድግዳው

የደረጃው ቁመት 11 ሜትር ነው። መማሪያ መጽሐፉ ንብርብሮቹን እኩል ወፍራም አድርጎ ነው የሚስላቸው፤ እኛ ግን 1 ሴንቲ ሜትር ለ1 ኪሎ ሜትር ብለን በልኩ ሠራን። ክርክሩ የተነሣው ወዲያው ነው። ትሮፖስፌር ከወለሉ 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ብዙም አልዘለለም። ራስ ደጀን 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል። አዲስ አበባ 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ደመናው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው?» ብሎ በእርሳስ ሊስል ሞከረና ተወው፤ ቦታ የለም። ስትራቶስፌር እስከ 50፣ ሜዞስፌር እስከ 85 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ በረጅሙ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ቴርሞስፌር ነው፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ4 ሜትር ላይ ተሣለ። የቴርሞስፌርን ጣሪያ በቁርጥራጭ መስመር አደረግነው፣ በፀሐይ እንቅስቃሴ መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚል።

አዮኖስፌርን፣ ማለትም በፀሐይ ጨረር ምክንያት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የላይኛው አየር ክፍል፣ የት እናድርገው የሚለው አስቸገረ፤ ንብርብሮቹን አቋርጦ የሚያልፍ ስለሆነ። በጎን ቀይ መስመር ሰጠነው። በ1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ግድም ላይ ግን ወፍራም ቀይ ነጥብ አለ፦ የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ በላያችን ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሄዳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሚመዘግበው የመግነጢስ ለውጥ ይህንኑ ያሳያል።

ቀለም፦ ሦስት ጋሎን ታሰበ፣ አራት አለቀ። ሰማያዊው ከወለሉ አጠገብ ያለው ግድግዳ እርጥበት ስላለው ቶሎ ተላጠ፤ ተፍቆ፣ ስቱኮ ተመትቶ፣ እንደገና ተቀባ። የቀለሙ ወጪ ከመሣሪያው በለጠ።

ጥር፣ የቀረው

ግራፉ ታትሞ በ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ የኦዞኑ ሙቀት ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛው ሴንሰር መስኮት ደፍ ላይ እየሠራ ነው።

የሚቀጥለው ጨረቃ ናት። እርሷም በአየሩ ላይ ማዕበል ታመጣለች፤ በሐሩር አካባቢ እንኳ ከ0.1 ሄክቶፓስካል ያነሰ ነው፣ ማለትም ከሴንሰሩ ስሕተት በታች። ቢሆንም በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በሴንት ሄሌና ደሴት የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች የረጅም ጊዜ ንባብ እየደመሩና እያማከሉ በሜርኩሪ ባሮሜትር አውጥተውታል። በጨረቃ ሰዓት ተደርድሮ ሲማከል የዘፈቀደው ስሕተት ይጠፋፋል። ቢያንስ አንድ ዓመት ያልተበጠሰ መዝገብ ይፈልጋል። የላፕቶፑ ባትሪዎች አንዱ አቅሙ እየደከመ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ይቀየራል፤ የሰዓቱ ሞጁልም በወር ስንት ሰከንድ እንደሚስት ከሬዲዮ ሰዓት ጋር እየተመሳከረ ነው።